ክዳኑ ክፍት ሆኖ ራዲያተር አያፈስም

ይህን በጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሜ አልነግርህም። እዚያ የሚሰሙኝ ልጆች የሥራ ጓደኞቼ ናቸው፤ ነገ ደግሞ ቁልፍ መዋሴ አይቀርም። ጠጋ በልና ስማኝ።

ሞተርህ ቆማ ሳለች በጎኗ ወደቀች እንበል፤ ወይም ከፊትህ የሚሄደው አይሱዙ ያስፈነጠረው ጠጠር ራዲያተሯን አገኘው። ከሥር አረንጓዴ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የጋራዡ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ «ወንድሜ፣ ይሄ አልቆለታል፣ ይቀየራል» ይልሃል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። «የማውቀው ልጅ ጋ አንድ ቀርታለች።» የዚያች ስልክ ኮሚሽን በዕቃው ዋጋ ላይ ተደምሮ አንተው ትከፍላታለህ።

ልጁን ግን ሌባ አድርገህ አትየው። አገራችን ውስጥ በየመንገዱ የምታያቸው ቦክሰርና ቲቪኤስ የመሳሰሉት ሥራ ወዳድ ሞተሮች በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር አያውቁም። እነሱን እየፈታ ያደገ ልጅ ካርቡራተር ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥምልሃል፤ እንደ ፐልሳር ኤንኤስ 200፣ እንደ ዶሚናር 400፣ እንደ ኬቲኤም ዱክ ያለ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲመጣበት ግን ራዲያተሩ ባዕድ ይሆንበታል። የማያውቁትን ዕቃ «ይቀየራል» ማለት ደግሞ ከማንኛውም መልስ ይቀላል፤ ቢሳሳትም ማንም አይወቅሰውም። ድሮ ይህ መልስ ኪስ ቢያሳምምም ይቻል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዛሬ «ይቀየራል» የምትለዋ ቃል የቤት ኪራይ ይዛ ትሄዳለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሹክሹክታ ይህ ነው፦ ራዲያተሩን ራስህ ፈትተህ፣ ከሞተር ጋራዥ አውጥተህ፣ ወደ መኪና ራዲያተር ጠጋኝ ውሰደው። እሱ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። መፍታቱ ከባድ አይደለም፤ ጥቂት ቡሎን፣ የቱቦዎቹ ፋሸታ፣ የፋኑ ሶኬት፣ አለቀ። ኢንጅኑ ፈጽሞ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነካ እንጂ፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ሲረጭ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም። የቀዳኸውን ኩላንት ደግሞ በሃይላንድ አትያዘው። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ልጅ ጭማቂ መስሎት ይጠጣዋል፣ ውሻም ይልሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ራዲያተር ማለት ግፊት የሚይዝ ዕቃ ነው። ውሃ መያዝማ ባልዲም ይይዛል። ክዳኑን ገልብጠህ ብታየው 0.9 ወይም 1.1 ወይም እሱን የመሰለ ቁጥር ታገኛለህ፤ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በዚያ መጠን እስኪበልጥ ድረስ ክዳኑ አይለቅም ማለት ነው። ይህ ነገር ደገኛውን ከቆለኛው ይልቅ ይመለከተዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ክዳኑ ያልተገጠመ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 92 ላይ ይፈላል። ሽምብራው ምድጃ ላይ የሚያስመርርህም በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፋኑ የሚነሳው ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ቀዩ የሙቀት መብራት የሚበራው ከዚያም በላይ ነው።

እስቲ አስላው። ክዳኑ 1.1 ሆኖ ግፊቱ በደንብ ከተያዘ፣ ውሃው እዚህ ከተማ ውስጥ እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ፋኑም ጊዜው ሲደርስ ይነሳል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሰላም ነው። ግፊቱ በመርፌ ቀዳዳ ካመለጠ ግን ውሃው 92 ላይ ይፈላል፤ ፋኑ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ውሃ ከፈላ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ሳይጨምር ይተናል። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ሴንሰሩ በእንፋሎት ተከቦ ባዶ ላይ ይቀራል፤ የሚለካው ውሃ ስለሌለው መብራቱም ዝም ይላል። «መብራት እንኳ ሳይበራ ቴስታታዬ ተጣመመ» እያለ የሚያማርር ሰው ሲገጥምህ ዋሸ አትበለው። እውነቱን ነው።

አሁን የጋራዡን ጨዋታ ልታይ ትችላለህ። ልጁ ቀዳዳውን በሆነ ነገር ደፍኖ ራዲያተሩን ይገጥመዋል። ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ይሞላል፣ ኢንጅኑን ያስነሳል፣ ከሥር ካርቶን ያነጥፋል። «አየህ? አንዲት ጠብታ የለችም!» በርግጥ የለችም፤ ክዳኑ ክፍት ነዋ! ግፊት የሌለበት ራዲያተር በማስቲካ ቢደፈንም አያፈስም። አንተ ከፍለህ፣ አመስግነህ ትሄዳለህ፤ መገናኛ ትራፊክ ውስጥ ስትቆም ነገሩ ይጀምራል። ተመልሰህ ስትመጣ «ሌላ ቦታ ነው የተቀደደው» ትባላለህ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍላለህ።

መድኃኒቱ ጎሚስታው ጋ ነው። ጎሚስታ የተበሳ ጎማ የሚፈልግበት የውሃ ገንዳ አለው፣ ነፋስ አለው፣ መለኪያ አለው፤ የራዲያተር መፈተሻ ቢፈልጉት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቫልቩን ከነጎማው ያስቆርጡና በቁራጭ ቱቦ ጫፍ ላይ በፋሸታ ያስሩታል፤ ቱቦውን ከራዲያተሩ አንዱ አፍ ጋር ይገጥሙታል። ሌላውን አፍ የልኩን ቡሎን በቁራጭ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በፋሸታ መድፈን ይበቃል። ክዳኑ በቦታው ይሁን። ቀስ እያሉ መንፋት ነው፤ መለኪያው በፒኤስአይ ከሆነ 15 ማለት ወደ 1 ባር ነው፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው አታሳልፍ፣ ከዚያ በላይ ጤነኛውንም ልታፈነዳው ትችላለህ። ጎሚስታው ለመኪና ጎማ የለመደ እጅ ስላለው «ቀስ» ማለትህን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገምለት። ገንዳው ውስጥ ሲገባ አረፋ ከወጣ ቦታው ላይ በምስማር ምልክት አድርግ። አንዳንዴ አረፋው የሚወጣው ከክዳኑ ሥር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሳቅ፣ ምክንያቱም ችግርህ ራዲያተሩ አይደለም፣ በጣም ርካሹ ዕቃ ነው። ቁጥሩና ስፋቱ አንድ ዓይነት የሆነ ክዳን ገዝተህ ወደ ቤትህ ሂድ።

እንዲያውም ሳትፈታው በፊት ማየት ያለብህ ነገር አለ። ከውሃ ፓምፑ ሽፋን ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃ ከእሷ የሚንጠባጠብ ከሆነ ያለቀው የፓምፑ ጎሚኒ ነው፤ ቀዳዳዋ የተበጀችው ይህንኑ እንድትናገር ነው። አንዳንዱ ግን «ከዚህ ነው የሚያፈሰው» ብሎ በማጣበቂያ ይደፍናትና ውሃው ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለህ፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ኢንጅኑ ሲነሳ አረፋው አልቆም ካለ፣ ነገሩ ወደ ፓምፕ ወይም ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ በራዲያተር ጥገና አይመለስም።

ቀዳዳው ራዲያተሩ ላይ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ከምን የተሠራ ነው የሚለው ነው። ቀለሙን በምላጭ ጫር አድርገው። ቢጫ ወይም ቀይ ከመጣ ናስና መዳብ ነው፤ ዕድለኛ ነህ፣ የድሮ መኪና ራዲያተር ጠጋኝ በስታኞ እያፏጨ ይደፍንልሃል። የዛሬ ሞተሮች ግን አሉሚኒየም ናቸው፤ ስታኞ አሉሚኒየም ላይ ይንከባለላል እንጂ አይይዝም። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል። ብረቱ ራሱ 660 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ ልባሱ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አሉሚኒየም ላይ «በኦክስጅን እበይድልሃለሁ» የሚልህን ሰው በትሕትና አመስግነህ ራዲያተርህን ይዘህ ውጣ። ልባሱ ሳይነቃነቅ ከሥሩ ያለው ቱቦ ቀልጦ ይወርዳል።

የሚሠራው የአርጎን ብየዳ ነው። እዚህም ግን ሹክ የምልህ አለ። ሁለት ዓይነት ቦታ አለ፦ ወፍራሙና ስሱ። በግራና በቀኝ ያሉት ታንኮች፣ የክዳኑ አንገት፣ ቱቦ የሚገባባቸው አፎች፣ የቡሎን ጆሮዎች ወፍራም ናቸው፤ የተሰነጠቀው እነሱ ላይ ከሆነ ደህና አርጎን ሠሪ አሳምሮ ይዘጋቸዋል፣ ዕድሜህን ሁሉ ይበቃሃል። መሐል ላይ ያሉት ጠፍጣፋ የውሃ መሄጃዎች ግን የግድግዳቸው ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እዚያ ላይ እሳት ካሳረፈ አንዷ ቀዳዳ ሦስት ትሆናለች። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሳይደብቅ ይነግርሃል፦ «ልጄ፣ ስስ ነው፣ ቢበሳብኝ ኃላፊነት አልወስድም።» እንዲህ ያለህን ሰው እመነው። ችግር ያለው «ችግር የለም!» የሚልህ ላይ ነው።

ወደ አርጎን ከመሄድህ በፊት ራዲያተሩን በሞቀ ውሃና በሳሙና ውስጡንም ውጪውንም አጥበህ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀህ ሂድ። ውስጡ የቀረ ኩላንት እሳቱ ሲነካው ይተናል፣ ብየዳውንም ወንፊት ያደርገዋል። ይህን የምታደርግ ደንበኛ ስትሆን ሠሪው ገና ስታወጣው ፊቱ ይፈታል፣ ዋጋውም ትንሽ ይለዝባል። ቀለሙንም ቦታው ላይ ፋቅ። አንድ ነገር ጨምር፦ «ጋሼ፣ ስንጥቁን ብቻ፣ ሌላውን አይንኩብኝ።» ሥራ የሚወድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊጨምር እጁን ይበላዋል። ታንኩ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ወደ እሳት አትውሰደው።

ስሱን ቦታስ? በጣም የምወደው ጥገና እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ስለማያመጣ ማንም አያወራልህም። በቀዳዳው ዙሪያ ያሉትን ቀጫጭን ክንፎች በፒንሳ ለቅመህ ቦታውን ክፈት። በሸካራ የአሸዋ ወረቀት አሉሚኒየሙ እስኪያበራ ፋቀው፣ ጭረቱ መስቀለኛ ይሁን። በአሴቶን አጽዳው፤ ቤንዚን አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። ከዚያ ብረት ለብረት የሚያያይዘውን፣ ሁለት ቱቦ ሆኖ እኩል በእኩል የሚደባለቀውን ኢፖክሲ ተጠቀም። ጄቢ ዌልድ የሚባለው የታወቀው ነው፤ አምራቹ እስከ 287 ዲግሪ ይችላል ይላል፣ ራዲያተር ደግሞ የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ዓይነት ተወው፣ ሙቀት የመቻል አቅሙ ያነሰ ነው። ስትቀባ አንዱን አፍ ደፍነህ ከሌላው አፍ በፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ አየሩን በትንሹ ሳብ አድርገው፤ ኢፖክሲው ስንጥቁ ውስጥ ይገባልሃል። በአፍህ እንዳትስብ፤ ኩላንቱን ረስተኸው ነው? ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ተወው። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ በቀን ፀሐይ ላይ ማዋል ጥሩ ነው።

ቱቦዋ ከዳር እስከ ዳር ከተተረተረች ደግሞ መስዋዕት አድርጋት። በሁለቱም ጫፍ ታንኩ አጠገብ ቁረጣት፣ የቀሩትን ጉቶዎች በፒንሳ አጥፈህ ጨምቅ፣ ኢፖክሲ አልብሳቸው። ራዲያተሩ ሃያ ቱቦ ካለው ያጣኸው አምስት በመቶ ነው፤ በከተማ አነዳድ አይታወቅህም። ሁለት ቢሆኑም ትችላለህ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሞጆና አዋሽ ስትወርድ ሙቀቱ ይጠይቅሃል።

ውሃ ውስጥ ስለሚጨመረው የፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት ምን እላለሁ? የእንቁላሉ፣ የእርዱ፣ የቁንዶ በርበሬው ጥበብም የዚያው ዘር ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ያብጣል ወይም ይረጋል፣ ቀዳዳውን ያፍናል። ገጠር ላይ ቀርተህ ከተማ መድረስ ከፈለግህ ይሠራል። ግን የት መዝጋት እንዳለበት አያውቅም፤ የሞተር መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ጤነኛዎቹን ቱቦዎችና ቴርሞስታቱንም ያፍናል። ሻጩ ይህን አይነግርህም። ጠርሙሱን እንደ ዘላቂ ጥገና የሚሸጥልህ ጋራዥ ቴስታታህንም ሊያወርድ ቀጠሮ እየያዘ ነው።

የጎበጠ ራዲያተር ግን የማያፈስ ከሆነ? ተወው። እንደ ጎበጠ ይሥራ። በመዶሻ ቀና ሲያደርጉት የተሰነጠቀ ራዲያተር በድንጋይ ከተመታው በላይ አይቻለሁ። የተኙትን ክንፎች ብቻ በቀጭን ካቻቢቴ አንድ በአንድ አቅናቸው፤ ቡና እየጠጣህ የምትሠራው ሥራ ነው። እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ አብዛኛውን ክንፍ የሚያስተኛው ድንጋይ አይደለም፣ ላቫጆ ነው። ያን የግፊት ውሃ በቅርብ ርቀት ራዲያተር ላይ ሲለቁት ክንፉ ሁሉ ይተኛል፣ ነፋስ አያልፍም። የላቫጆውን ልጅ «ራዲያተሩን በእጅህ ብቻ» በለው።

ስትመልሰው የቡሎኖቹን ጎሚኒዎች እይ። ብዙ ራዲያተር የሚሰነጠቀው በአደጋ አይደለም፤ ጎሚኒው ጠፍቶ ራዲያተሩ ከሻሲው ጋር ብረት ለብረት ታስሮ ሲንቀጠቀጥ ነው። ብየዳው ምንም ቢያምር፣ ጎትተህ በግድ ካሰርከው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይሄዳል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ለዚህ ይበቃል። የደረቀ ቱቦም አብረህ ቀይር፤ ስትጨምቀው የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ውሃ ድንጋይ ይተክላል፣ አሉሚኒየምም ይበላል። ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅል። «የባትሪ ውሃ» ብለህ ስትጠይቅ ግን ጠርሙሱን አንብብ፤ አንዳንዱ ሱቅ በዚህ ስም አሲድ ይሰጥሃል። ስትሞላ ሞተሯን በጎን ማቆሚያዋ ሳይሆን ቀጥ አድርገህ አቁማት፣ የፊት ጎማውን ከፍ አድርግ፣ ቱቦዎቹን እየጨመቅህ አየሩን አስወጣ። ከዚያ ክዳኑን ዝጋ፤ ፋኑ ተነስቶ እስኪጠፋ ድረስ አሙቃት፤ ካርቶኑን አሁን አንጥፍ። ገንዘብ የሚከፈለው ከዚህ በኋላ ነው። ሲበርድ ራዲያተሩ ከትርፍ ውሃ ዕቃው ወደ ውስጥ መልሶ ካልሳበ፣ አሁንም የሆነ ቦታ አየር ይገባል።

ሁሉንም ሞክረህ ካልሆነ፣ ሶማሌ ተራ የሚባል የመለዋወጫ አገር አለ። እዚያ ስትሄድ የሞተርህን ስም አትጥራ። «የእንዲህ ዓይነት ሞተር ራዲያተር» ካልክ ዋጋው በስሙ ይነገርሃል፤ የድሮውን ይዘህ ሂድና የአፎቹን ስፋት፣ በየትኛው ጎን እንደሆኑ፣ የክዳኑን ቁጥርና የጆሮዎቹን ርቀት አወዳድር። የቻይና 250 ሞተር ራዲያተር ብዙ ቦታ ይገባል፤ ጆሮውን አርጎን ሠሪው ያዛውርልሃል። ያገለገለ ስትገዛ አፉ ውስጥ አብርተህ ተመልከት፦ ነጭ ድንጋይ ወይም ቡናማ ጭቃ ካየህ ተወው። ሻጩ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ለመሞከር ካልፈቀደ መልሱን አግኝተሃል።

አሮጌውንም ጋራዥ ውስጥ ጥለህ አትሂድ። «እንጥለው?» ብለው ሲጠይቁህ በደግነት አይደለም፤ አሉሚኒየም በኪሎ ይሸጣል። መጀመሪያ ፋኑን፣ የሙቀት ስዊቹን፣ ክዳኑንና ጎሚኒዎቹን ፍታና አስቀምጥ፤ የቀረውን በሰፈርህ ለሚያልፈው ቁራሌ ስጥ፣ ሚዛኑን ግን ራስህ ያዝለት።